ትንንሽ ብልቃጦች ጠረጴዛ ላይ እየተደፉ አስቸገሩን፤ ቤት ውስጥ የሚሠራ መላ ያለው?

ካውያ ከአዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ሞባይል ጥገና ነው የምሠራው። ሱቋ ጠባብ ናት። አንዱን ጠረጴዛ ለሁለት ነው የምንካፈለው፤ በአንዱ ጫፍ ጓደኛዬ ራዲዮና ስፒከር ይሠራል፣ በሌላው እኔ ስልክ። ችግሬ የሥራው አይደለም፣ የብልቃጥ ነው።

ሁልጊዜ እጄ ሥር መኖር ያለባቸው ነገሮች አሉ። ቦርድ የማጥብበት አልኮል፣ ሙጫ የማላቅቅበት አሴቶን፣ ብየዳው በደንብ እንዲይዝ የምቀባው ፈሳሽ ፍለክስ፣ ሱፐር ግሉ፣ ጥቂት የማሽን ዘይት፣ አንዳንዴም ቲነር። ሁሉም ትንንሽ ጠርሙስ ውስጥ ናቸው፣ አብዛኞቹ ደግሞ ቀጠን ረዘም ያሉና ታቻቸው ጠባብ። ብሩሽ ያለው የፍለክስ ብልቃጥ ከሁሉም የባሰ ነው። ብሩሹን ስታወጣ ጠርሙሱ ተከትሎ ይነሳና ሲመለስ ይጋደማል።

የሚጥላቸው ነገር ብዙ ነው። ደንበኛው "እስቲ ልየው" ብሎ በክርኑ ጠረጴዛው ላይ ይደገፋል። የካውያው፣ የመበየጃው፣ ገመድ ይጎትታል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ የበሩ መጋረጃ ይገባና ያገኘውን ጠራርጎ ይወስዳል፤ የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ፣ ከተማው ዳር ተርባይን የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። አልኮል ቢደፋ ይተናል፣ ብዙም አይቆጭም። አሴቶን የሰው ስልክ ጀርባ ላይ ሲደፋ ግን ፕላስቲኩን ያደበዝዘዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ክርክር የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ተሠርቶ የሚሸጥ ማስቀመጫ እንዳለ አይቻለሁ። ለእሱ ብር ማውጣት አልፈልግም፣ ባወጣም የኔ ጠርሙሶች ልካቸው የተለያየ ነው። ካርቶን ውስጥ መደርደር አልሠራልኝም፣ ካርቶኑ ራሱ ቀላል ስለሆነ አብሮ ይሄዳል። ታቻቸውን በእስኮች ጠረጴዛው ላይ ማጣበቅም አልሆነም፣ አልኮል ሲነካው ይለቃል። እናንተ በምን ነው የምትይዟቸው? ከቤት ዕቃ ወይም ከጋራዥ ውዳቂ የሚሠራ ቢሆን ደስ ይለኛል።


ጋሼ ሰዓት

ልጄ፣ ካርቶኑን ጣለው። ቀላል ነገር ቀላል ነገርን አይዝም።

እኔ ሰዓት ጥገና ላይ ነው ያረጀሁት። የኛ ብልቃጥ ከናንተም ያንሳል፤ የሰዓት ዘይት በ2 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ነው የሚመጣው፣ ዋጋው ደግሞ አይነገር። የምጠቀመው እንጨት ነው። ከአናጺ ቤት የተረፈ ወፈር ያለ የሞራሌ ቁራጭ ትለምናለህ። ጽድ ወይም ዋንዛ ካገኘህ እሰየው፣ ባሕር ዛፍም ይሆናል፣ ግን በደንብ ያልደረቀ ከሆነ ይሰነጠቃል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጠርሙስ በልኩ ቀዳዳ ታስወጣለህ። በር ላይ ቁልፍ ሲገጥሙ እንጨቱን የሚበሱበት ክብ መቁረጫ አለ አይደል? እሱ ያለው አናጺ በሻይ ዋጋ ይበሳልሃል። እስከ ታች ድረስ ቢያሳልፈው ችግር የለም፣ ከሥሩ ኮምፔንሳቶ ትመታበታለህ።

ሰው የሚሳሳተው ጥልቀቱ ላይ ነው። ጉድጓዱ ጥልቅ ካልሆነ ጠርሙሱ ይወዛወዛል እንጂ አይያዝም። ቢያንስ የቁመቱ ሲሶ ይግባ፣ ግማሹ ቢገባማ የተሻለ። ስፋቱ ከጠርሙሱ በ1 ወይም በ2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይብለጥ። በጣም ከጠበበ አንዱን ጠርሙስ ስታነሳ እንጨቱ አብሮ ይነሳል፣ ያኔ አንዱን ላድን ስትል ሁሉንም ደፋህ ማለት ነው። ከእንጨቱ ሥር የከመነዳሪ ቁራጭ በማስቲሽ ለጥፍበት፣ እንዳይንሸራተት።

ቫርኒሽ ልቀባው እንዳትል። አሴቶኑ ያነሳውና የሚያጣብቅ ቆሻሻ ያደርገዋል። ባዶውን ተወው፣ ሲቆሽሽ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው።

አንድ የሙያችን ልማድ ልንገርህ። እኛ ከዋናው ጠርሙስ አንሠራም። ጠብታዋን ትንሽ የዘይት መያዣ ላይ እናወጣና ዋናውን ከድነን መሳቢያ ውስጥ እንመልሰዋለን። ጠረጴዛው ላይ የሚደፋው ያቺው ጠብታ ናት።


ቶርኖ ቤት

የጋሼ እንጨት ጥሩ ነው፣ ግን ቦታ ይበላል። ለጠባብ ጠረጴዛ እያንዳንዱ ጠርሙስ የራሱ እግር ቢኖረው ይሻላል። የምትፈልገውን ሳብ አድርገህ ትሠራበትና ገፋ ታደርገዋለህ።

እኔ የምልህ ኩሽኔታ ነው። አሮጌ ኩሽኔታ። አዳማ ሆነህ ኩሽኔታ አጣሁ ብትል ማንም አያምንህም፤ ከባጃጅ ጀምሮ እስከ ጅቡቲ መንገድ ተሳቢ ድረስ የሚጠግን ጋራዥ ሞልቷል፣ የተበላውን የሚጥሉት በባልዲ ነው። ጎኑ ላይ ቁጥር ታገኛለህ። 6204፣ 6205፣ 6206 እያለ ይሄዳል። የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 ስታባዛቸው የውስጡ ቀዳዳ በሚሊ ሜትር ይመጣልሃል። 6204 ማለት 20 ነው፣ 6206 ማለት 30፣ 6208 ማለት 40። ይህ የሚሠራው ከ04 ወደ ላይ ነው። ስለዚህ የጠርሙስህን ታች በማስመሪያ ለክተህ ቁጥሩን ተናግረህ ነው የምትጠይቀው፣ ስትመራርጥ አትውልም።

6206 ውጪው 62 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 16፣ ክብደቱ ወደ 200 ግራም ነው። 6208 ደግሞ ውጪው 80፣ ውፍረቱ 18፣ ክብደቱም ከ350 ግራም ይበልጣል። እሱን የለበሰ ጠርሙስ በክርን ቢነካ ይንሸራተታል እንጂ አይገለበጥም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ግሪሱን በናፍጣ አጥበህ ታደርቀዋለህ። ጠርሙሱ ቀዳዳው ውስጥ ከላላ ከከመነዳሪ ቀጭን ቅዳጅ ቆርጠህ ታቹን ትጠመጥመዋለህ፣ ጥብቅ ብሎ እስኪገባ። ከኩሽኔታው ሥር በልኩ የተቆረጠ ላስቲክ በማስቲሽ ትለጥፋለህ፣ ጠረጴዛህንም አይጭርም፣ ድምፅም የለውም።

ግን ልብ በል፣ አሪፍ የሚሽከረከር ኩሽኔታ እንዳታመጣ። ክዳኑን ልከፍት ብለህ ስታዞር ጠርሙሱ አብሮህ ይዞራል፣ እስከ ማታ ብታዞረው አይከፈትም። አንድ ልጅ ሲታገል አይቼ ሆዴን እስኪያመኝ ነው የሳቅሁት። የምትፈልገው የሞተውን፣ የተጣበቀውን ነው። ጥሩ ካጋጠመህ ኳሶቹ መሀል ሱፐር ግሉ ጠብ አድርግበትና ግደለው።


ጥፍር በሐዋሳ

እኔ ስልክ አልጠግንም፣ ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ጥፍር ነው የምሠራው። ግን አሴቶን ከሆነ ጉዳዩ ከናንተ አላንስም፣ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የጥፍር ቀለም ብልቃጥን ደግሞ የሠራው ሰው ሆን ብሎ እንዲወድቅ ነው የሠራው የሚመስለኝ። ክዳኑ ከጠርሙሱ ይረዝማል!

አትሳቁብኝና መጀመሪያ የተጠቀምኩት በጀበና ማቶት ነው። ጀበና ቂጧ ክብ ሆኖ የምትቆመው በማቶቱ አይደል እንዴ፤ ትልቁን የአሴቶን ጠርሙስ ማቶቱ ላይ ሳስቀምጠው ቀጥ አለ። ለትልቅ ጠርሙስ እስከዛሬ አልለወጥኩትም። ለትንንሾቹ ግን ቀዳዳው ይሰፋል፣ ቀለምም ሲነካው አይለቅም።

ለትንንሾቹ ጄሶ ነው። የቱና ጣሳ ውሰድ ወንድሜ፣ አጭርና ሰፊ ስለሆነ ከሳልሳ ጣሳ ይሻላል። ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ በፒንሳ ወደ ውስጥ ተጫነው። ጠርሙሱን ከድነህ በፌስታል ሁለት ዙር ጠቅልለው፣ ፌስታሉን ከላይ ዘይት ቀባ አድርገው። ጄሶውን ውሃ ላይ ነው የምትጨምረው፣ ውሃውን ጄሶ ላይ አይደለም፣ አለዚያ ይጓጉላል። ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ መውረድ ሲጀምር ጣሳው ውስጥ ገልብጥና ጠርሙሱን መሀል ላይ ተጭነህ ያዘው። ወለሉን እንዳይነካ፣ ከሥሩ የጣት ውፍረት ያህል ጄሶ ይቅር።

አሁን ዋናው ነገር። ጄሶ ሲደርቅ ይሞቃል፣ ትንሽም ያብጣል። ያብጣል ማለት ጠርሙሱን ይይዘዋል። ስለዚህ ትቶ መሄድ የለም። ሞቅ ማለት ሲጀምር ጠርሙሱን በቦታው ቀስ እያደረግህ አዙረው፣ ሳታወጣው። ሲጠነክር ትመዘዋለህ፣ ፌስታሉ ይቀራል ወይም ይወጣል፣ እንደፈለገው። ከዚያ ፀሐይ ላይ አውጥተህ ብዙ ቀን ይቆይ፤ ከላይ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ውሃ አለ፣ ጣሳውንም ያዝገዋል።

ጄሶ እስክታገኝ ድረስ ጣሳው ውስጥ ደረቅ አሸዋ ሞልተህ ጠርሙሱን ብትቀብረው ለጊዜው ይሠራል። እኔ ጋ ምንም አይልም፣ ስልክ ቤት ግን አሸዋ ባይገባ ይሻላል መሰለኝ።


ካውያ ከአዳማ

አቦ ኑሩልኝ። ይህን ያህል መልስ አልጠበቅሁም። ጋሼ፣ ምክርዎን ተቀብያለሁ፣ አናጺ ጎረቤት አለኝ።

ግን ሦስት ጥያቄ ቀረኝ። እህቴ፣ ጄሶው አሴቶን ሲደፋበት አይጠጣውም? ሁለተኛ፣ ጓደኛዬ ጋ የተቃጠለ የስፒከር ማግኔት ተከምሯል። ቀለበት ነው፣ መሀሉ ክፍት ነው፣ ከባድ ነው፤ ሳየው ለጠርሙስ የተሠራ ነው የሚመስለው። ከኩሽኔታ አያንስም አይደል? ሦስተኛ ደግሞ ሱፐር ግሉን ምን ላድርገው? ቱቦዋ ትንሽ ስለሆነች ከተጋደመች አፏ ይደርቃል፣ ከደፋሁት ደግሞ ሌላ መዘዝ ነው።


ጋሼ ሰዓት

ማግኔቱን ከጠረጴዛው አርቅልኝ!

ከሰዓት ምሳሌ ላምጣልህ። በእጅ የሚሞላ ሰዓት ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነች የብረት ስፕሪንግ አለች። ማግኔት ከያዛት ጥቅልሎቿ እርስ በርስ ይጣበቁና ሰዓቱ መፍጠን ይጀምራል። ባለቤቱ "ትናንት ደህና የነበረ ሰዓት ነው" እያለ ይመጣል። እንዲህ ያለ ሰዓት ብዙ አይቻለሁ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ስፒከር አጠገብ ማደሩ ነው። አንተ ጋ ደግሞ ስልኩ ውስጥ ኮምፓስ አለ፣ የካሜራውም ሌንስ በማግኔት የሚንቀሳቀስበት ስልክ አለ። ትንንሾቹ ቡሎኖችህ ሁሉ ሄደው ጠርሙሱ ሥር ይለጠፋሉ። ለጓደኛህ ተወው፣ እሱ የስፒከር ሰው ነው።


የላብራቶሪ ሰው

ጤና ይስጥልኝ። የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ጠርሙስ ስጠብቅ ነው የምውለው። ሁላችሁም ያላችሁት ልክ ነው፣ ግን አንዱ ስፋት አንዱ ክብደት እያለ እንዳይምታታ በቁጥር ላሳያችሁ።

ከነፈሳሹ 50 ግራም የሚመዝን፣ ታቹ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠርሙስ አለ እንበል። አንገቱ ጋ፣ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ገፋነው። የሚገለብጠው ግፊት ስንት ነው? ክብደቱን በታቹ ግማሽ ስፋት እናባዛና ለገፋንበት ከፍታ እናካፍላለን። 50 በ1.5 ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል 10 ግራም እንኳ አይሞላም። የመጋረጃ ጫፍ ይበቃዋል ማለት ነው። አሁን ከሥሩ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰፊ የፕላስቲክ ክዳን ለጠፍንበትና ጠቅላላው 70 ግራም ሆነ። ውጤቱ 35 ግራም ነው። መሻሻል ነው፣ ግን ክርን አይችልም። የቶርኖ ቤቱን 6206 ስናለብሰው ጠቅላላው 250 ግራም፣ ግማሽ ስፋቱ 3.1 ሳንቲ ሜትር ይሆንና 97 ግራም አካባቢ ይመጣል። ምንም ካልለበሰው ጠርሙስ አሥር እጥፍ። የእህታችን የቱና ጣሳም ከዚህ አይርቅም፣ ክብደቱ ቢያንስ ስፋቱ ይክሰዋል።

ለዚህ ነው ካርቶኑ ያልሠራው። ስፋት ነበረው፣ የሚባዛ ክብደት አልነበረውም።

ፈሳሹ ራሱ ይከብዳል ብለህም አትተማመን። አልኮልም አሴቶንም ከውሃ ይቀላሉ፣ 1 ሚሊ ሊትራቸው 0.79 ግራም ገደማ ነው፣ ጠርሙሱ ሲጎድል ደግሞ ያው ባዶ ነው የሚቀረው። መሙያውም ላይ ልብ በሉ። ብረት በ1 ሚሊ ሊትር 7.8 ግራም ይመዝናል፣ ደረቅ አሸዋ ወደ 1.6፣ የደረቀ ጄሶ ከ1 ትንሽ ከፍ ይላል። እኛ አካባቢ ብሎኬት የሚሠሩበት ፑሚስ አለ፣ በየግንባታው ደጃፍ ተቆልሎ ስለሚታይ እሱን እሞላለሁ እንዳትል፤ ድንጋይ ይምሰል እንጂ ውስጡ አየር ነው። ጄሶውን ማክበድ ከፈለግህ ገና ሳይጠነክር አሮጌ ዳዶና ሮንዴላ ክተትበት።

ጄሶ አሴቶን ይጠጣል ወይ ላልከው፣ አዎ ይጠጣል፣ ግን አይሟሟም። ተንኖ ይሄዳል። የሚያስቸግረው ዘይትና ቀለም ያለው ነገር ነው፣ እሱ ገብቶ ይቀራል። ለዘይት ብልቃጥ ኩሽኔታውን ተጠቀም።

የማይሆነውን ልጨምር። ነጩን የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ቀዳድቶ ጠርሙስ የሚሰካበት ሰው አለ። ለዘይት ይሁን። አሴቶን ወይም ቲነር ጠብ ካለበት ግን ዓይንህ እያየ ይሟሟል፣ ጠርሙሱም አብሮ ይሰምጣል። አሴቶንን በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥም አይደለም፣ ፕላስቲኩን ያዳክመዋል። ብርጭቆ ይሁን።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበኝ እሳቱ ነው። የአሴቶን ተን ከአየር ሁለት እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ላይ ወጥቶ አይጠፋም፣ ጠረጴዛው ላይ ተንሸራቶ ወደ መሬት ነው የሚወርደው። ደጃፍህ ላይ ቡና የምታፈላ ካለች ከሰሉ ያለው እዚያው መሬት ላይ ነው። ደግሞም አሴቶን ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል፣ የናንተ አልኮል አይሶፕሮፒል ከሆነ ከ12 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ። አዳማ ላይ 12 ዲግሪ ሆኖ የሚሠራ ሱቅ የለም። ስለዚህ ጋሼ ያሉትን ያዝ፤ ጠረጴዛው ላይ የምታወጣው የዕለቱን ትንሽ ብቻ ይሁን፣ ትልቁ ጠርሙስ ተከድኖ ከካውያውም፣ ትኩስ አየር ከሚተፋው ከሆት ኤሩም ይራቅ።

ሱፐር ግሉ ሲደፋ በጥጥ ወይም በጥጥ ጨርቅ አትጥረገው። ጥጥ ሲነካው በጣም ይሞቃል፣ እጅ ያቃጥላል፣ ሊያጨስም ይችላል። ደርቆ ይቅርና በኋላ ቅረፈው።


ያገኘሁትን

ኩሽኔታ ፍለጋ ምን አደከማችሁ? ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳሱን አውጥቶ ጣሳ ውስጥ ማቅለጥ ነው። እርሳስ ከብረትም ይከብዳል፣ ከሰል ላይ ይቀልጣል፣ በጄሶው ፋንታ ታፈስሰዋለህ። አለቀ።


የላብራቶሪ ሰው

ወንድሜ፣ ይህን እባክህ ማንም እንዳይሞክረው። ክብደቱ እውነት ነው፣ በ1 ሚሊ ሊትር 11.3 ግራም ነው፣ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል። ግን የባትሪ እርሳስ ብቻውን አይደለም፣ አሲድና የእርሳስ ዱቄት አለበት። ሲቀልጥ የሚወጣው ጢስና አቧራ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይጠራቀማል፣ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ደግሞ ሕፃናትን ነው። ልብስህ ላይ ይዘኸው ቤትህ ትገባለህ። ለአንዲት የፍለክስ ብልቃጥ!


ያገኘሁትን

እሺ ተቀብያለሁ፣ አትቆጡ።


መስመር ዘርጊ

ሁላችሁም ጠርሙሱን ነው የምታክሙት። ልጁ ምን ብሎ ነው የጠየቀው? የካውያው ገመድ ይጎትታል፣ መጋረጃው ይጠርጋል፣ ደንበኛ ይደገፋል ነው ያለው። እነዚህን ሦስቱን ተዋቸውና ጠርሙሱን ሲሚንቶ ውስጥ ብትቀብረውም አንድ ቀን መድፋትህ አይቀርም።

ገመዱን ከላይ አምጣው። ጣሪያው ላይ ወይም ከመደርደሪያው ጫፍ ምስማር ምታ፣ ከከመነዳሪ ቀጭን ቅዳጅ አንጠልጥልና ገመዱን መሀሉ ላይ እሰርበት። ካውያውን ስትስበው ላስቲኩ ይለጠጣል፣ ስትመልሰው ይሰበስበዋል። ገመዱ ጠረጴዛውን አይነካም። ካውያ በቀኝ እጅህ ከያዝክ ጠርሙሶቹ በግራ ይሁኑ፣ እጅህ በላያቸው አያልፍም።

የመጋረጃውን የታች ጠርዝ አጥፈህ አሰፋውና ቀጭን ፌሮ አስገባበት፣ ነፋስ አያነሳውም። ለደንበኛው ደግሞ ከፊት ለፊት ጠርዝ ላይ ከፍ ያለች ጣውላ ምታ፣ እዚያ ላይ ይደገፍ። ሰው መደገፊያ ካላገኘ ያንተን ቦታ ነው የሚደገፈው፣ መከልከል አይቻልም። ጠርሙሶቹ ያሉበት ጥግ ዙሪያውን ሊስቴሎ፣ ቀጭን የእንጨት ጠርዝ፣ ምታበት፣ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይበቃል። የሚወድቅ ቢኖር ፈሳሹ ስልኩ ጋ ሳይደርስ እዚያው ይታገዳል። ከሥሩ የሴራሚክ ቁራጭ ብታነጥፍ አሴቶኑም ቲነሩም ምንም አያደርገውም፣ ከሚያነጥፉ ልጆች የተሰበረ ብትጠይቅ ይሰጡሃል።


ጥፍር በሐዋሳ

የመስመር ዘርጊው የሴራሚክ ነገር እውነት ነው፣ እኔም ጠረጴዛዬ ላይ አንድ አለችኝ። ግን ሴራሚክ ላይ ጠርሙስ ይንሸራተታል፣ ጣሳው ሥር ላስቲክ አይረሳ።

ሱፐር ግሉዋን ደግሞ እኔ የማደርገውን ልንገርህ፣ የጥፍር ሙጫ ያው እሷው ናት። ክዳን ያለው ትንሽ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አቁሜ ነው የማስቀምጣት። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጣው እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ከረጢት አለ አይደል፣ እሱን አብሬ እከትበታለሁ። ሙጫዋን የሚያደርቃት እርጥበት ነው። ቆማ ታድራለች፣ አፏም አይዘጋም። ብቻ ከመክደንሽ በፊት ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገሽ ቂጧን ምቺ፣ አፏ ላይ የቀረው ይመለሳል። አንተንም ይመለከታል፣ እኔ ሁልጊዜ ለልጆቹ ስለማስተምር ነው።


ካውያ ከአዳማ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ገመዱን ዛሬውኑ ሰቅዬዋለሁ፣ ገና ከአሁኑ ጠረጴዛው የሰፋ መሰለኝ። ሊስቴሎውንም ጎረቤቴ አናጺው ይመታልኛል፣ የጋሼን እንጨትም እሱው ይበሳዋል፤ እንጨቱ መሳቢያው ውስጥ ነው የሚገባው፣ ለዘይትና በየቀኑ ለማልነካቸው። ጄሶው ለፍለክሷ። አልኮልና አሴቶን ኩሽኔታ ይለብሳሉ።

ቶርኖ ቤት፣ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ጋራዥ ሄጄ 6206 ሁለት አገኘሁ፣ የአልኮሉ ጠርሙስ ልክክ ብሎ ነው የገባው። አብረው አንዲት ትንሽ ሰጡኝ፣ 6203 ይላል። በ5 ሳባዛው 15 ይመጣል፣ ስለካው ግን 17 ነው። ሐሰተኛ ዕቃ ነው እንዴ?


ቶርኖ ቤት

አይደለም፣ ትክክለኛ ነው። ከ04 ወደ ላይ ነው የሚሠራው ያልኩህ ለዚህ ነው። ታች ያሉት የራሳቸው ልክ አላቸው፤ 00 ሲል 10 ሚሊ ሜትር፣ 01 ሲል 12፣ 02 ሲል 15፣ 03 ሲል 17። 6203 ውጪው 40 ነው፣ ክብደቱ 65 ግራም ገደማ ስለሆነ ለትልቅ ጠርሙስ አይሆንህም። ለሱፐር ግሉ ቱቦዋ ወይም ለዘይቷ ሞክረው። እና አዙረህ እየው፣ ከተሽከረከረ አሁንም ግደለው።